ይመታል ወይስ ይከፈታል? የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክና የቡሌ ኦርጋን

የአማርኛ ቋንቋ ለየሙዚቃ መሣሪያው የየራሱን ግሥ ሰጥቶታል። በገና ይደረደራል፤ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዋሽንትና እምቢልታ ይነፋሉ፤ ከበሮ ይመታል፣ ሞቅ ሲልም ይደለቃል፤ መሰንቆ ይገዘገዛል፤ ክራር እንደ አጨዋወቱ አንድ ጊዜ ይደረደራል፣ አንድ ጊዜ ይገረፋል። በእነዚህ ግሦች ሁሉ ውስጥ የሰው እጅ ወይም የሰው ትንፋሽ አለ። ራዲዮና ቴፕ ግን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቤት እንደሚከፈት፣ ቧንቧ እንደሚከፈት ማለት ነው፤ ከውስጥ ያለው ነገር አስቀድሞ አለ፣ ከፋቹ ያደረገው ነገር ቢኖር መንገድ መስጠት ብቻ ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ራዲዮ «ከፈተ» እንጂ ራዲዮ «ደረደረ» አይልም፤ ቢል ይሣቅበታል። ኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ መሣሪያ እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ቢሆንም፣ ቋንቋችን ግማሹን መልስ ቀድሞ የሰጠ ይመስለኛል።

ይህን ልዩነት እንዳጤነው ያደረገኝ በቡሌ የሰማሁት ክርክር ነው። ቡሌ ከዲላ ወደ ደጋው ሲወጣ የሚገኝ፣ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት፣ ብርዱ የታወቀ የጌዴኦ አገር ነው። እንደ ሌላው የደቡብ ክፍል ሁሉ በዚያም ሠርግና ድግስ ሲኖር ኦርጋን ከነድምፅ ማጉያው ይከራያል፤ ሕዝቡ ኪቦርድ የሚባለውን መሣሪያ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ለአንድ የባህል ትርኢት ተጫዋቾች ሲመረጡ፣ ኦርጋን የሚጫወተው ወጣት ከሙዚቀኞች ተራ ይጻፍ ወይስ ድምፅ ማጉያና መብራት ከሚዘረጉት ሠራተኞች ተራ ይጻፍ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ አበሉም በዚያው የሚለያይ ነበር። ዕድሜ የጠገቡ ዘፋኞች ዕቃው ራሱ ይዘፍናል፣ ልጁ ይከፍተዋል እንጂ አይጫወተውም አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ዓመታት ተቀምጦ የተማረው ሙያ ነው፣ እናንተም በሠርጋችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ የምትጠሩት እሱን ነው ሲሉ መለሱ። በመጨረሻ ልጁ «ልዩ ልዩ» በሚለው ዐምድ ተመዘገበ። የጽሕፈት ሥራ ከፍልስፍና ጋር ሲጋጭ ዘወትር የሚያገኘው መውጫ ይህ ነው።

ወገኖቹ በየፊናቸው ያሉት ነገር እውነት ነበረበት። ይሁን እንጂ የተከራከሩት ስለ ዕቃው ነበር። በበኩሌ መታየት ያለበት ዕቃው ሳይሆን ግሡ ነው እላለሁ። ይህን ለማስረዳት የአገራችን ሙዚቃ አዲስ የመጣን መሣሪያ እንዴት ሲቀበል እንደ ኖረ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። «መሣሪያ» «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ስለ ሆነ ሥራ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ያመለክታል፤ የጦር መሣሪያም፣ የእርሻ መሣሪያም፣ የሙዚቃ መሣሪያም ይባላል። ቃሉን ብቻ ይዘን ብንፈርድ ኮምፒውተርን የሚያስወጣ በር የለም። የቤተ ክህነቱ «ንዋየ ማሕሌት» የሚለው አጠራር ከዚህ ይጠብባል፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ሦስተኛው ሊያስገርመን ይገባል። መቋሚያ ክር የለውም፣ ቆዳ አልተወጠረበትም፣ ቀዳዳም የለውም፤ ደባትር ረጅሙን ሌሊት ተደግፈውት የሚያድሩት ዘንግ ነው። ሆኖም በአቋቋም ጊዜ ሲወዘወዝና መሬቱን ሲመታ የዜማውን ልክ ስለሚይዝ ከንዋየ ማሕሌት ተቆጥሯል። እንግዲህ በጥንቱ ሥርዓት እንኳ አንድ ዕቃ መሣሪያ የሚሆነው በውስጡ ባለው ነገር ሳይሆን፣ ሰው በዜማው ውስጥ በሚያሠራው ሥራ ነበር።

ከውጭ የመጡትም በዚሁ መንገድ ገብተዋል። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ ጥሩምባዎች መጡ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነመሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የማርሽ ሙዚቀኞች ሆኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ያወጣውም ናልባንዲያን ነበር። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሰልፍ ዕቃዎች ነበሩ። ሳክስፎን የኢትዮጵያ መሣሪያ የሆነው ወደ አገር በገባበት ቀን አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሸላዩ ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ያሰማ ጊዜ ነው። የነሐሱ ቧንቧ አልተለወጠም፤ ያገኘው አዲስ ነገር ቢኖር ሥራ ነው። ሸላዩ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ የሚወረውረውን ቃል ሳክስፎኑም እንደዚያው እየሳበ ወረወረው፤ አድማጩም ቃል ሳይኖር ሽለላ መሆኑን አወቀ። አኮርዲዮንም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ባዕድነቱ ተረሳ። ዛሬ አኮርዲዮን የሰማ የከተማ ሰው ትዝ የሚለው ፓሪስ ሳይሆን የድሮ አዲስ አበባ ነው።

ኤሌክትሪክ ወደዚህ ታሪክ የገባው ግን አብዛኛው አንባቢ በሚጠረጥረው በር አይደለም። ሐሊም ኤልዳብ የተባለው ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ ተወለደ፤ የተማረው እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ ማሽን ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያካሂዱበት ቦታ ሄደና ዝማሬያቸውን ቀዳ። ዛር ለእኛ አንባቢ መግለጫ አያስፈልገውም፤ ልማዱን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፍትም ብዙ ናቸው። ኤልዳብ የቀዳውን ይዞ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ድምፁን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያሳለፈ፣ ዋናውን ድምፅ እያጠፋ ገደል ማሚቶውን ብቻ እያስቀረ አዲስ ሥራ አዘጋጀ፤ በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ አሰማው። በፈረንሳይ ፒየር ሻፈር በተቀዳ ድምፅ ላይ የተመሠረተውን ሙዚቃውን ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ነበር፣ ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያዎቹ ምንጮቹ አንዱ የዛር ዝማሬ ነው ማለት ይቻላል።

የኤልዳብ ታሪክ ከዚህ በኋላ ወደ እኛ ይመጣል። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዘመኑ ከሁሉ የረቀቀውን ማሽን የሚያውቀው ይህ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ያደረገው ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ፣ በየአገራቸው ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩት፣ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተቃርኖ ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ሥራ ይመስለኛል። በሽቦውም ሆነ በበገናው ፊት የጠየቀው ጥያቄ ይህ ድምፅ በሰው እጅ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ሽቦው በካይሮ መሣሪያ የሆነው ድምፅ ስለ ቀዳ አይደለም፤ መቅዳትማ ማንኛውም ማሽን ይቀዳል። ኤልዳብ የተቀዳውን ነገር እያዳመጠ፣ እየመረጠ፣ እያጠፋና እያስረዘመ ስላዋለው ነው። ይኸው ሰው ዛሩን ቀድቶ ዝም ብሎ ቢከፍተው ኖሮ ማሽኑ ማሽን ሆኖ ይቀር ነበር።

ክርክሩ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ እንዳይመስል ሁለት የውጭ ጉዳዮችን በአጭሩ ልጥቀስ። አሜሪካዊው ሎረንስ ሐሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ነገሩ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ደረሰ፤ የአየር ቧንቧ የሌለው ዕቃ ኦርጋን ተብሎ መጠራት የለበትም የሚል ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1937 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት ሁለቱ መሣሪያዎች ከመጋረጃ ጀርባ ተሰሙ፤ አድማጮቹ፣ ሙዚቀኞችም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ መለየት አቃታቸው። በሚቀጥለው ዓመት ውሳኔው ሲሰጥ ኩባንያው አንዳንድ ማስታወቂያዎቹን እንዲተው ታዘዘ እንጂ ስሙ አልተነጠቀም። የቡሌ ሰው ኪቦርዱን ኦርጋን ሲል ይህን ሙግት ሳይሰማ የሐሞንድን ወገን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በብሪታንያ የሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ማዕከላዊ ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እንዲታገዱ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በአገር አቀፍ ደረጃ አልጸደቀም። ሆኖም የለንደኑ ጥያቄ ከቺካጎው የተሻለ ነበር ባይ ነኝ፤ ቺካጎ የጠየቀችው ድምፁ ይመሳሰላል ወይ ብላ ሲሆን፣ ለንደን የጠየቀችው ቫዮሊን ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች የት ይሂዱ ብላ ነበር።

በእኛ አገር ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በማኅበር ስብሰባ አልተነሣም፤ በሰዓት እላፊ ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። የሚጨፍር ሰው ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት ያነጋል። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ የነበራቸው የነሐስ ብዛት ለዚህ ኑሮ አልተመቸም። በሆቴሎች የቀሩት ዋሊያስን፣ ኢቤክስንና በኋላ ሮሃን የመሰሉ ትንንሽ ባንዶች ሲሆኑ፣ በእነዚህም ውስጥ የኤሌክትሪክ ኦርጋን የጎደሉትን ነፊዎች ሥራ እየተካ ሄደ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲነግሥ የቀረጻው ወጪም ከዚህ ጋር ተስማማ። ይህን ዘመን የውድቀት ዘመን ብቻ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እርግጥ ብዙ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ያንኑ ኦርጋን የያዘው እጅ የማን እንደ ነበረ ማየት ይገባል።

ኃይሉ መርጊያ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በአኮርዲዮን የጀመረ፣ በአዲስ አበባ ሒልተን በዋሊያስ ባንድ ኦርጋን የተጫወተ ሙዚቀኛ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ እሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ነው። ከእሱ ጋር ባንድ አልነበረም። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ የወጣውን ያማሐ ዲኤክስ 7ንና የከበሮ ማሽን እያፈራረቀ የድሮ ዜማዎችን ተጫወተ። ካሴቱን የሰማ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ የከበሮው ማሽን አይዛነፍም፣ አይደክምም፣ አይሞቀውም፤ ከላይ ያለው አኮርዲዮን ግን እንደ አዝማሪ ድምፅ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይንቀጠቀጣል። ከአንድ ካሴት ውስጥ የተከፈተውና የተመታው ጎን ለጎን ይሰማሉ። ኃይሉ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን በባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግመኛ ካወጣው በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ። አንድን ዕቃ በመኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓመታት መለማመድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ያ ዕቃ መሣሪያ ነው። ራዲዮ መክፈት የሚለማመድ ሰው የለም።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ከማሽኑ ይልቅ የካሴቱን ልባስ ብናነብ ሌላም ነገር እናገኛለን። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከዘፋኙ ስም ሥር የሚጻፈው የባንዱ ስም ነበር፤ ሮሃ ባንድ፣ ዳህላክ ባንድ ይል ነበር። ቆይቶ የባንዱ ስም እየተወገደ «ቅንብር» የሚል ቃልና የአንድ ሰው ስም በቦታው ተተካ። ቅንብር ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን አቀናባሪው ከበሮውንም፣ ባዙንም፣ ነፊውንም በአንድ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተር ፊት የሚሠራ ሰው ሆነ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው ኤልያስ መልካ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሞት የተለየን፣ የዚህ ትውልድ ታላቅ አቀናባሪ ነበር። ስቱዲዮውን «በገና» ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» የተባለውን ሥራ ያወጣው ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ ኮምፒውተሩን ለዘፋኝ ማጀቢያ ሳይሆን ለራሱ ለሙዚቃው አዋለው። ግሡ ግን ገና አልተገኘላቸውም። አቀናበረ እንላለን፤ ይህ የአሳቢ ግሥ ነው እንጂ የተጫዋች ግሥ አይደለም። ቋንቋው እዚህ ላይ ከሥራው ኋላ ቀርቷል።

እስካሁን ለማሽኑ ብዙ የተከራከርሁ እንዳይመስል፣ በእኛ ሙዚቃ ላይ ያለበትንም ዕዳ ልናገር። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ከፍሎ ነው። ክራር ደርዳሪ ግን ክሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ የእሱ ትዝታና የሌላው ትዝታ በጥቂቱ ይለያያሉ፣ አንዱ የሚቀርበን አንዱ የሚርቀንም በዚያች ጥቂት ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል በ12ቱ ክፍል ላይ ሲቀመጡ መልካቸው ይታወቃል፤ አንቺ ሆዬ ግን ክፉኛ ይጎዳል፤ ከድምፆቹ አንዳንዶቹ ማደሪያቸው በሁለት ቁልፎች መካከል ነውና። ይህ የኤሌክትሪክ ጥፋት አይደለም፤ ፒያኖም ያው ነው። እንዲያውም ለዐረብ ሙዚቃ ተብለው የተሠሩ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ቁልፍ ዝቅና ከፍ አድርጎ መቃኘት ይፈቅዳሉ። የእኛም ተጫዋች በግራ እጁ ድምፅ ማጠፊያዋን መንኮራኩር እያንቀሳቀሰ መሰንቆን ሲያስመስል ሰምተናል። ያቺን መንኮራኩር የሚነካ ተጫዋችና የማይነካ ተጫዋች አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። የመጀመሪያው ማሽኑ ከሰጠው ድምፅ ጋር ይጣላል፤ ሁለተኛው የተሰጠውን ይቀበላል።

አሁን ወደ ቡሌ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚያ ነው። የጌዴኦ ዘፈን እንደ ብዙው የአገራችን የቡድን ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። አውጪው በጌዴኡፋ አንድ ቃል ያወጣል፤ እንደ ሙሽራው ቤት፣ እንደ ዘመዱ፣ እንደ ዕለቱ ነገር ቃሉን ያስረዝማል ወይም ይቆርጣል። ተቀባዩ ደግሞ ዓይኑን ከአውጪው ላይ አያነሣም፤ መቼ እንደሚቀበል የሚያውቀው ከቁጥር ሳይሆን ከአውጪው ትከሻና ትንፋሽ ነው። ጭብጨባውና የእግሩ ምት ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። እንግዲህ የዚህ ሙዚቃ መሣሪያ ማን ነው ቢባል መልሱ ሕዝቡ ራሱ ነው። በእምቢልታም ያው ነው፤ ሦስት ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል፣ ዜማውን ብቻውን የያዘ ሰው የለም።

ሠርግ ቤት የሚመጣው ኦርጋን ይህን ሥርዓት በሌላ ይተካዋል። በውስጡ «ስታይል» የሚሉት የተዘጋጀ ምት አለ፤ የግራ እጅ ጥቂት ቁልፎች ይዞ ሲቆም ከበሮውና ባዙ ራሳቸው ይሄዳሉ፣ አንድ ቁልፍ መግቢያውን፣ ሌላው መሸጋገሪያውን፣ ሌላው መጨረሻውን ያመጣል። ምቱ አይጠብቅም። አውጪው ቃሉን ሊያስረዝም ቢፈልግ ምቱ ጥሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ቃሉን በምቱ ልክ መቁረጥ ይለምዳል። ተቀባዩም መቼ እንደሚቀበል ከድምፅ ማጉያው ስለሚያውቅ አውጪውን ማየት ይተዋል። ሽማግሌዎቹ ኦርጋኑ ይዘፍናል ሲሉ የተሰማቸው ይህ ነበር። ማሽኑ የተካው ከበሮን ቢሆን ኖሮ ቅሬታቸው ቀላል ነበር፤ የተካው ግን በአውጪና በተቀባይ መካከል የነበረውን መጠባበቅ ነው። የሚጠፋውም ዜማው አይደለም፤ ዜማው በኦርጋኑ ላይ ደኅና አድርጎ ይሰማል። የሚጠፋው አውጪው ያስረዝመው የነበረው ቃል ነው፤ ያ ደግሞ ግጥሙ ነው። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ስለ ኪቦርድ ምን አገባው ለሚል አንባቢ ምላሼ ይኸው ነው።

ሆኖም በዚያው በቡሌ ሌላ ዓይነት አጨዋወትም አይቻለሁ። አንድ ተጫዋች አውጪው ሴት ወይዘሮ ስትሆንና ግጥሟ ሲበረታ ስታይሉን ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ጭብጨባው ራሱ ይነሣል። እሱም በአንድ ጣቱ ከሥር አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ አፍ አፏን እያየ ይከተላታል፤ ስትጨርስ ምቱን ይመልሰዋል። እንግዲህ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰው እጅ ሁለቱም ግሦች ነበሩ፤ ኦርጋኑ ተከፈተ፣ ከዚያም ተመታ። የመዝገቡ ጸሐፊ ልጁን ከየትኛው ተራ ይጻፈው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አፍ አፏን ያየበትን ሰዓት ከሙዚቀኞች ተራ ጻፈው እለው ነበር። ያ ሰዓት ከሌለ ደግሞ «ልዩ ልዩ» ለእሱም ለእኛም ይበቃል።

ስለ ስታይሉ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እነዚህ ምቶች በፍላሽ ይዘዋወራሉ፤ የሲዳማ ምት፣ የወላይታ ምት፣ የጌዴኦ ምት ተብለው ይሸጣሉ፣ ይገለበጣሉ። ተጫዋቾቹ ስለ እነሱ ሲናገሩ ሦስተኛ ግሥ ይጠቀማሉ፤ ምት ይጫናል ይላሉ። አህያና በቅሎ እንደሚጫኑ ማለት ነው። ጭነት ሲባል ደግሞ አገሬው ሰው ወዲያው የሚጠይቀው አለ፦ ማን ጫነው፣ ከየት ጫነው? የጌዴኦ ምት የሚባለውን አብዛኛውን ጊዜ ያዘጋጀው የጌዴኦን ጭብጨባ በካሴት እንጂ በዓይኑ ያላየ የከተማ ሰው ሊሆን ይችላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የመሬቱና የእንሰቱ፣ የቡናውና የሶንጎው ነገር በሰነድ ገብቷል። በፍላሽ የሚዞረው ምት ግን ሰነድ የለውም፤ የሠሪው ስም አይታወቅም፣ የተሠራበት ሰፈር አይታወቅም። ከዲላ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ርእስ ቢያጣ፣ በቡሌ፣ በይርጋ ጨፌና በወናጎ ያሉትን ኦርጋን ተጫዋቾች ፍላሽ እየሰበሰበ እያንዳንዱ ምት ከማን እጅ እንደ መጣ መጠየቅ ይችላል።

ከላይ የጠቀስሁት፣ ስታይሉን የሚያጠፋው ተጫዋች፣ አሁን በፍላሹ ካሉት ምቶች አንዱን ራሱ ሠርቶታል። ለጭብጨባው የቀዳው የእናቱን ጎረቤቶች ነው፤ በስልኩ፣ በጓሮ፣ እንሰት ሲፍቁ። ፍጥነቱን ሲወስን ከመካከላቸው አንዷ በጣም ቸኮለ ብላ ሁለት ጊዜ አስለወጠችው።